መጠቅለያው የማይበላው

ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ ስለ ወጥ ቤት ማውራት ለአንዳንድ አንባቢ ያለ ቦታው የገባ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የምግብ አሠራር መመሪያን ከጽሑፍ ዘርፎች እንደ አንዱ ቆጥሬ ማንበብ ከጀመርሁ ቆየሁ። መልካም መመሪያ የማያውቀውን ሰው እጁን ይዞ አይቶት በማያውቀው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ያቆመዋል። ዛሬ የምጽፈው አንድ እንዲህ ያለ ገጽ አርባ ምንጭ ላይ ስላሳፈረኝ፣ ጨንቻ ላይ ደግሞ ስላስተማረኝ ነገር ነው።

ፈረንጆች «ቢፍ ዌሊንግተን» የሚሉት ምግብ አለ። ስሙን በ1815 እ.ኤ.አ. ዋተርሉ ላይ ናፖሊዮንን ድል ካደረገው የእንግሊዝ መስፍን ጋር ያያይዙታል፤ ለመስፍኑ ተብሎ ስለ መሠራቱ ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለም። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የበሬ ፊሌቶ ሳይቆራረጥ በጋለ መጥበሻ ዙሪያውን ይጠበስና ይቀዘቅዛል፤ ሰናፍጭ ይቀባል፤ ደቆ በተከተፈና ውኃው እስኪመጥ በተቁላላ እንጉዳይ ይለበሳል። ከዚያ ብዙዎቹ በስስ የአሳማ ሥጋ፣ አንዳንዶቹም በስስ ቂጣ ይጠቀልሉታል፤ እኔ ቂጣውን መረጥሁ። በመጨረሻ በቅቤ በተደራረበ ሊጥ ተሸፍኖ፣ እንቁላል ተቀብቶ በ200 ዲግሪ ሙቀት ይጋገራል። የሥጋው መካከል 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይወጣና ዐሥር ደቂቃ ያርፋል። ስጎው ቀይ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ የአጥንት መረቅና ቀይ ወይን ነው፤ ወይኑ ከግማሽ በታች እስኪቀር በዝግታ ይፈላል። እኔ የተጠቀምሁት የአገራችንን ጉደር ነበር፤ አላሳፈረኝም።

ያሳፈረኝ ሊጡ ነው። ወሩ ጥር፣ ቤቴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነበር። የሊጡ ምስጢር ቅዝቃዜ ነው። ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በሊጥ መካከል እየታጠፈና እየተዳመጠ በስሱ ይደራረባል፤ እሳት ሲያገኘው በቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ አንዱን ሽፋን ከሌላው ያላቅቃል። ቅቤው እሳት ሳያይ ከቀለጠ ግን ሊጡ ይጠጣውና ድርብርቡ ይጠፋል። የእኔ ቅቤ በሁለተኛው እጥፋት ላይ በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። ከምድጃው የወጣው ቅባት የጠጣ ወፍራም ቂጣ ነበር። እንግዶቼ ጨዋዎች ናቸውና ቂጣውን ወደ ዳር ገፍተው ሥጋውን በሉ።

ገጹን ደግሜ አነበብሁት። ስሕተት አላገኘሁበትም። ግን አንድ ነገር ሳይጽፍ አልፏል፤ የጸሐፊውን አገር ብርድ። ሊጡን «ለጥቂት ጊዜ አሳርፈው» ሲል፣ ማረፊያው ወጥ ቤት ራሱ ቀዝቃዛ መሆኑን ሳያስበው ጽፎታል። ሰው አብሮት የኖረውን አየር አይጽፈውም።

ለመስቀል ወደ እናቴ ዘንድ ጨንቻ ወጣሁ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሙዙን ከታች ትቶ፣ በዶርዜ ቀርከሃና እንሰት መካከል አልፎ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃዬንና ከከተማ የገዛሁትን ፊሌቶ ይዤ ነበር። ከሰፈሩ ቅርጫ ፊሌቶ መጠበቅማ አይታሰብም። አንድ በሬ ያለው ሁለት ፊሌቶ ብቻ ነው፤ በቅርጫ ደግሞ ለእያንዳንዱ መደብ ከየብልቱ ይደርሰዋል። ሙሉ ፊሌቶ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሽማግሌ የለም፤ ባይኖርም ደግ ነው።

በጨንቻ ብርድ ቅቤው ታዘዘልኝ። ሊጡ ተነሣ፤ ሲቆረጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። እናቴ ምጣዷ አጠገብ ተቀምጣ፣ የቆጮውን ሊጥ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ እየጋገረች አየችኝና በጋሞኛ እንዲህ አለች፦ «ጠቅልሎ መጋገርማ እኛም እናውቃለን፤ የእኛ መጠቅለያ አይበላም እንጂ።»

ሁላችን ሳቅን። እኔ ግን ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ፣ ያን የፈረንጅ ገጽ በጠየቅሁት መንገድ እርሷን መጠየቅ ጀመርሁ። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል? «እንደ ብርዱ ነው ልጄ። ቆላ ከሆነ ይቸኩላል፤ እዚህ ይዘገያል።» መድረሱን በምን ታውቂያለሽ? «ይሸተኛል። እጄም ይነግረኛል።» ከዚህ በኋላ እርሳሴ ቆመ። የታተመው ገጽ የዘለለውን ነገር እናቴ ከሁሉ አስቀድማ ተናገረችው፤ እጇ የሚነግራትን ግን ወደ ወረቀት የማሸጋግርበት ቃል አጣሁ። እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው ተብሎ ያደግሁ ወንድ ልጅ ነኝና አንድ ቀን እንኳ እጄን ከእጇ አጠገብ አላኖርሁም።

እነሆ አሳቤ። ባዕድ ምግብ በቤት መሥራትን እንደ ክህደት የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ፓስታውም ኮተሌቱም ትናንት እንግዶች ነበሩ። ቢፍ ዌሊንግተን እስከ ሲቀላ የደረሰው ከቆጮ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ሰው ተቀምጦ በሚዛንና በደቂቃ ስለ ጻፈው ነው። በአገራችን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚመገበው እንሰት ግን፣ ስለ ዝርያውና ስለ ምርቱ ተመራማሪዎች ብዙ ቢጽፉም፣ ሽታውና ልስላሴው በምን ቃል እንደሚነገር እኛ በቃላት እንኖራለን የምንል ሰዎች ገና አልደከምንበትም።

«ቆጮ ከእናት ጎን ተቀምጠው ይማሩታል እንጂ ከወረቀት አይማሩትም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ልጅ ከእናቱ ጎን እስካለ ድረስ። የእኅቴ ልጆች ያደጉት አዲስ አበባ ነው። ቆጮን የሚያውቁት በክትፎ ቤት ተቆርጦ፣ በሳሕን ቀርቦ ነው። እናቴም አርጅታለች፤ መፋቂያውን የምትይዘው እንደ ቀድሞው አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በእጅ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ ይጠፋል።

በዚያው ሰሞን አንድ ደብተር ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው መስመር «አስቀድመህ የአገሩን ብርድ እይ» ይላል። ሁለተኛውን ለመጻፍ ለገና ተመልሼ እወጣለሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን እርሳሱን አስቀምጬ፣ እጄን ታጥቤ ከሊጡ አስገባለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም፣ አንቺም፣ እናታችሁ በሕይወት ካለች አንድ ምግብ ምረጡና ከጎኗ ተቀመጡ። ሥራዋን ከነሽታው ጻፉት፤ ከጻፋችሁም አስነብቡን።

ቸር ያገናኘን።