ለተሰዋ ፖሊስ ቤተሰብ፦ ምጽዋት ወይስ መብት?

የሕዝብን ጸጥታ ለማስከበር ወጥቶ በግዳጅ ላይ የወደቀ ፖሊስ ሚስትና ልጆች የማን ኃላፊነት ናቸው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን የአንድን መንግሥትና የአንድን ኅብረተሰብ ባሕርይ ከብዙ መግለጫዎች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። ፖሊስ ከሌላው ሠርቶ አደር የሚለየው በአንድ ዐቢይ ነገር ነው፤ ይኸውም ሌላው ሠራተኛ ጉልበቱንና ዕውቀቱን ብቻ ለሥራ ሲያውል፣ ፖሊሱ ከዚህ በተጨማሪ የመንግሥትን ሥልጣንና መሣሪያ በእጁ ይይዛል። ስለዚህም እርሱንና ቤተሰቡን የሚያበላው እጅ የማን እንደሆነ መጠየቅ የሕዝቡ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የአሜሪካንን ታሪክ በምሳሌነት እናነሳለን። ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያች አገር ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ፖሊስ አላቸው፤ በእነዚህም ፖሊሶች ዙሪያ አባላቱን፣ ቤተሰቦቻቸውንና የሚያገለግሉትን ማኅበረሰብ እንረዳለን የሚሉ አያሌ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተቋቁመዋል። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ሰጥቷል። ስለሆነም በዚያ አገር የታየው በጎውም ክፉውም ለእኛ የሩቅ ወሬ ሳይሆን ልንማርበት የሚገባ ተሞክሮ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከከሰል ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 የፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲቀጥሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በዓመቱም ፈቃዱ ለከሰልና ለብረት ኩባንያዎች ተዳረሰ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። የሹመት ወረቀቱን የሚሰጠው አገረ ገዥው ነው፤ ለአንዱ ሹመት የሚከፈለውም አንድ ዶላር ብቻ ነበር። ደመወዝ የሚቆርጠውና ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ግን ኩባንያው ነው። «የከሰልና የብረት ፖሊስ» የተባለው ይህ ኃይል በደረቱ የመንግሥትን ዓርማ አንጠልጥሎ፣ በእጁ የባለሀብቱን ዱላ ጨብጦ ይዘዋወር ነበር። የማዕድን ሠራተኛው ለመብቱ በተነሳ ቁጥር ፊት ለፊቱ የሚቆመውም ይኸው ኃይል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1902 ከ140 ሺሕ በላይ የሆኑ የከሰል ሠራተኞች ከአምስት ወር በላይ የዘለቀ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። ከዚያም በኋላ ለኩባንያ ሳይሆን ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት ተጠሪ የሆነ ፖሊስ አስፈላጊነት ጎልቶ በመውጣቱ በ1905 የፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ፖሊስ በ228 ሰዎች ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ደመወዝ ከፋዩ ስለተለወጠ ብቻ ፖሊሱ የሚቆምለት መደብ ወዲያው አልተለወጠም። አዲሱም ኃይል በፈረስ እየጋለበ አድማ ሲበትን ያዩት ሠራተኞች «ኮሳክ» የሚል ስም አወጡለት። የኩባንያዎቹም ፖሊስ ቢሆን ሌላ ሩብ ምዕት ዓመት ቆየ። በ1929 ጆን ባርኮስኪ የተባለ የማዕድን ሠራተኛ በእነዚሁ ፖሊሶች ተደብድቦ ሞተ፤ በ1931 አገረ ገዥው ጊፎርድ ፒንሾ የኩባንያ ፖሊሶችን ሹመት ሰረዙ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የታጠቀን ሰው የሚመግብ ያዘዋል። ይህንንም ለመረዳት ፔንሲልቬንያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን በፊውዳሉ ሥርዓት ዘመን ለታጣቂው በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለት እንደነበረ ይታወቃል። ገባሩ ያርሳል፤ ይፈጫል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ታጣቂው ይበላል። በዚያ ሥርዓት ጠመንጃ የያዘው ሰው ለሚያበላው ገበሬ ጠባቂ ሳይሆን ሸክም ነበር። «እጅ መንሻ» የሚለው ቃልም የመጣው ሥልጣን ፊት ባዶ እጅ መቅረብ እንደ ጥፋት ከሚቆጠርበት ከዚያው ዓለም ነው።

እንግዲህ ፖሊስን መርዳት ሁሉ ጉቦ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። ፖሊሱም የሠርቶ አደር ልጅ ነው። የዕለት እንጀራው በወር ደመወዝ የተለካ፣ ሌሊቱን በብርድ የሚያሳልፍ፣ ሌላው ከአደጋ ሲሸሽ እርሱ ወደ አደጋው የሚሮጥ ዜጋ ነው። ሲሞት የሚያለቅሱለት ልጆች አሉት። ለእነዚህ ልጆች የሚዘረጋ የወገን እጅ የተቀደሰ ነው። ጥያቄያችን እጁ ለማን ይዘርጋ፣ በምን መንገድ ይዘርጋ፣ የመንግሥትንስ ግዴታ ይተካል ወይ የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 በዲትሮይት ከተማ አንድ ወጣት ፖሊስ በሥራ ላይ ተገደለ፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱም ያለ ረዳት ቀረች። ይህን ያየ አንድ የመኪና ነጋዴ ለመቶ ወዳጆቹ ደብዳቤ ጽፎ ገንዘብ እንዲያዋጡላት ጠየቀ፤ ወዳጆቹም አላሳፈሩትም። «የመቶዎቹ ክበብ» ተብሎ ወደ ሌሎች ከተሞችም የተዛመተው የእርዳታ ዓይነት የተወለደው በዚህ አኳኋን ነው። ሰውየው ያደረገው ነገር መልካም ነው፤ እኛም እናመሰግነዋለን። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንጠይቅ አናልፍም። ወዳጅ ነጋዴ ያልነበራት፣ በድሃ ሠፈር የምትኖር፣ ስሟ በጋዜጣ ያልወጣ የሌላዋ ፖሊስ ሚስትስ? ምጽዋት ዓይኑ ያየውን ይረዳል፤ ያላየውን ይዘላል። መብት ግን የታየውንም ያልታየውንም እኩል ያቅፋል።

ይህ መብት በዚያ አገር በፌዴራል ሕግ እስኪጻፍ ድረስ ከዲትሮይቱ ደብዳቤ በኋላ 24 ዓመት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ሕግ በሥራ ላይ ለሚሞት ፖሊስ ቤተሰብ 50 ሺሕ ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። ክፍያው በ2001 ወደ 250 ሺሕ ዶላር ከፍ ብሎ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ በመደረጉ ዛሬ ከ400 ሺሕ ዶላር በላይ ደርሷል። ሕጉ ግን እንከን አልባ አልነበረም። በሥራው ላይ ባየው መከራ አእምሮው ተጎድቶ የራሱን ሕይወት ያጠፋ ፖሊስ ቤተሰብ በዚህ መብት ሊጠቀም የቻለው በ2022 በወጣ ማሻሻያ ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ሐዘናቸውን ከኀፍረት ጋር ደርበው የተሸከሙ እናቶች ስንት እንደሚሆኑ አንባቢ ያስበው።

የኒው ዮርኩም ምሳሌ ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በደረሰው ጥቃት 23 የከተማው ፖሊሶችና 37 የወደብ ባለሥልጣን ፖሊሶች ሞቱ። ዓለም አለቀሰላቸው፤ እርዳታውም ጎረፈ። በፍርስራሹ መካከል ወራት ሙሉ መርዛማ አቧራ ሲምጉ የቆዩት ግን ቀስ በቀስ፣ ካሜራ በሌለበት መሞት ጀመሩ። ዛሬ ከከተማው ፖሊሶች መካከል በዚያ አቧራ ምክንያት በሕመም የሞቱት በዕለቱ ከሞቱት እጅግ ይበልጣሉ። ሆኖም ለታመሙት ሕክምናና ካሣ የሚሰጠውና በሟቹ መርማሪ ፖሊስ በጄምስ ዛድሮጋ ስም የተሰየመው ሕግ የጸደቀው አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ2011 መግቢያ ነው። የካሣው ገንዘብ በዘላቂነት የተረጋገጠው ደግሞ በ2019፣ ሕመምተኞቹ ራሳቸው በምክር ቤት ፊት ቀርበው ከተሟገቱ በኋላ ነው። ርኅራኄ የሚበረታው በአደጋው ሰሞን ነው፤ በሽታና የልጅ አስተዳደግ ግን ሰሞነኛ አይደሉም።

የበጎ አድራጎት ስም በገበያ መንፈስ ሲመራ ምን እንደሚያስከትልም ታይቷል። በስልክ እየደወሉ «ለተሰዉ ፖሊሶች ልጆች እርዱ» የሚሉ ገንዘብ ሰብሳቢ ኩባንያዎች በዚያ አገር በዝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከ48 ክፍለ ግዛቶች ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ በፖሊስ፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞችና በቀድሞ ወታደሮች ስም በሚያጭበረብሩት ላይ ዘመቻ አካሄደ። በተከታዩም ዓመት፣ የሚሰበስበው ገንዘብ በሙሉ ለእርዳታ እንደሚውል እየተናገረ የአንበሳውን ድርሻ ለራሱ ያስቀር የነበረ አንድ ኩባንያና ኃላፊዎቹ የ18.8 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለባቸው። የሟች ደም ሸቀጥ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ለማየት የሚያስቸግረው ነው። ለፖሊስ ማኅበር ገንዘብ የሰጠ ሰው በመኪናው መስታወት ላይ የሚለጥፈው ምልክት ይሰጠዋል። ምልክቱን የሚለጥፈው ሁሉ በደግነት አይደለም፤ በመንገድ ሲያስቆሙት ዓይናቸውን ይጨፍኑልኛል ብሎ የሚለጥፍም አለ። ከመኪናው ባለቤት በላይ ደግሞ ኩባንያው አለ። ታላላቅ ኩባንያዎች በፖሊስ ፋውንዴሽኖች በኩል ሕዝብ በመረጣቸው ምክር ቤቶች ያልተመከረበትን መሣሪያና የክትትል ቴክኖሎጂ ለፖሊስ ሲገዙ ታይቷል። ይህ ከባሏ ሞት በኋላ ለቀረች እናት የሚሰጥ እርዳታ አይደለም። የከሰልና የብረት ፖሊስ ልብሱን ቀይሮ በጓሮ በር ሲመለስ ነው።

አንዳንዶች «መንግሥት በጀቱ የተወሰነ ነው፤ የሚሰጥን እጅ ለምን ትይዛላችሁ?» ይሉን ይሆናል። የምንይዘው የሚሰጠውን እጅ አይደለም፤ መንገዱን ነው። ሕዝባችን ለዚህ የሚሆን ትምህርት ከማንም መበደር አያሻውም፤ እድር አለው። እድርተኛው በየወሩ የሚያዋጣው በደኅናው ጊዜ ነው። ጡሩንባው ሲነፋ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይወጣል፤ ገንዘቡ ለሟች ቤተሰብ ይቆጠራል። ይህን ገንዘብ ምጽዋት ብሎ የሚጠራው የለም፤ ተቀባዩም አንገቱን አይደፋም፤ ሰጪውም ውለታ አይቆጥርም። ሒሳቡ በአባላት ጉባኤ ፊት ይነበባል። የሀብታሙም የድሃውም መዋጮ እኩል ስለሆነ ድንኳኑን የሚያዝበት ባለጸጋ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ለዚህ ነው።

ስለዚህ አቋማችን የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ የተሰዋ ፖሊስ ቤተሰብ ኑሮ የመንግሥት ዕዳ ነው። የአገራችን የጡረታ ሕግ የፖሊስ አባላትን ያቅፋል፤ ከሞታቸውም በኋላ አበሉ ለተተኪዎቻቸው እንዲተላለፍ ይደነግጋል። ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ግን አይበቃም። ባሏን የቀበረች እናት ልጇን አዝላ ከቢሮ ቢሮ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የምትንከራተት ከሆነ መብቷ ወደ ልመና ተለውጧል። ፋይሏ በአንድ ሹም መሳቢያ ውስጥ ባደረ ቁጥር ሟቹ ለሁለተኛ ጊዜ ይሞታል።

ሁለተኛ፣ ከመብት በላይ የሚደረገው የወገን እርዳታ ለቤተሰብ እንጂ ለጣቢያ አይሰጥ። ለልጆች ትምህርት፣ ለቁስለኛ ሕክምና፣ ለቤት ኪራይ ይዋል፤ ለመሣሪያ፣ ለመኪናና ለአለቃ ቢሮ ምንጣፍ አይዋል። ለእነዚህ በጀት አላቸው፤ ካነሳቸውም በሕዝብ ምክር ቤት ይጠየቅ። ሰብሳቢውም ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው አይሁን። ፖሊስ ደረሰኝ ይዞ በሱቅ በር ላይ ሲቆም «አልሰጥም» ለማለት የሚደፍር ነጋዴ ጥቂት ነው፤ በፍርሃት የተሰጠ ብር ደግሞ እርዳታ ሳይሆን ግብር ነው፤ ያውም ሕግ የማያውቀው ግብር። ሒሳቡም እንደ እድር ሒሳብ በአደባባይ ይነበብ።

ሦስተኛ፣ እርዳታው ፖሊሱን ከሕዝቡ ነጥሎ ልዩ ጎሣ እንዳያደርገው ያስፈልጋል። በአንድ ግጭት ውስጥ ፖሊስም ይወድቃል፤ በመንገድ የሚያልፍ ቀን ሠራተኛም ይወድቃል። የሁለቱም ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይማራሉ። ለአንደኛው ደብተር ተገዝቶ ሌላኛው ባዶ እጁን ከቀረ፣ ያ እርዳታ በሁለቱ ሕፃናት መካከል ግንብ ገንብቷል። በፖሊሱ ስህተት የተጎዳ ዜጋም ቢኖር ካሣ የማግኘት መብቱ ከዚሁ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ማኅበረሰቡን ያላቀፈ የፖሊስ እርዳታ የፖሊሱንም ደኅንነት አያስጠብቅም፤ ፖሊስን ከጥይት ይልቅ የሚጠብቀው የሕዝብ ፍቅር ነውና።

የፔንሲልቬንያው የማዕድን ሠራተኛና የአገራችን ገባር በውቅያኖስ የተለያዩ ቢሆኑም የተማሩት ትምህርት አንድ ነው፤ የታጠቀ ሰው የሚያድረው ለአጉራሹ ነው። እንግዲያውስ አጉራሹ ሰፊው ሕዝብ ብቻ ይሁን። ሕዝብ በግልጽ በጀት ደመወዙን ይክፈለው፤ ሲቆስል ያሳክመው፤ ሲሞት ልጆቹን እንደ ልጆቹ ያሳድግለት። ያን ጊዜ ፖሊሱ ሌሊት በዘበኝነት ሲቆም ቤተሰቡ ከእርሱ በኋላ የማንንም ደጅ እንደማይጠና ያውቃል፤ ሕዝቡም የሚጠብቀው ሰው የማንም ባለዕዳ እንዳልሆነ አውቆ ይተኛል።