በሬ በጥርሱ፣ ካሜራ በካርቶኑ?

ዳንግላ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ሳያይ፣ ሻኛውን ሳይዳስስ፣ ወዲያ ወዲህ ሳያስነዳ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ማር ገዢው በጣቱ ይቀምሳል። ጤፍ ገዢው እፍኝ አንሥቶ ያሻል፣ እፍ ይላል። ሻጩም አይቆጣም፤ የገበያ ወግ ነውና። ይኸው ጠንቃቃ ሸማች ግን ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲገባ ምን እንደሚነካው እንጃ! ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የማያንስ ገንዘብ ቆጥሮ ያልተከፈተ ካርቶን አቅፎ ይወጣል። ያውም ደስ ብሎት።

የዛሬው ጉዳያችን በኪስ የምትያዘዋ ዲጂታል ካሜራ ነች። «በስልክ ዘመን ደግሞ ካሜራ የሚገዛ አለ ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አለ። ሥራ ያጣ ወጣት በሰርግና በክርስትና ፎቶ እያነሣ ለማደር ይገዛታል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል እንጅባራ ላይ ሲከበር፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የዚህ ማኅበር አባል ሁሉ ፈረሱን አስጊጦ ይመጣል፤ በፈረሱ ላይ እንዳለ ፎቶ መነሣት የማይፈልግ የለም። ሙሽሮችም ዘንገና ሐይቅ ዳር ሳይነሡ ሰርጋቸው የሞላ አይመስላቸውም። እንግዲህ ለአንድ ወጣት ደህና ካሜራ ማለት የእንጀራ ገመድ ነው። የማትረባ ካሜራ ደግሞ የብድር ገመድ ትሆናለች።

ከገዢዎች ከሰማሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ። የሰዎቹንም የሱቆቹንም ስም አልጠራም፤ የተጎዳ ሰው ስም ቢጠራ ለሌላው ገዢ አይጠቅመውም።

የመጀመሪያው የእንጅባራ ወጣት ነው። ከወንድሙ ተበድሮ የገዛት ካሜራ ካርቶኗ ላይ «48 ሜጋፒክሰል፣ 16 እጥፍ ዙም» የሚል በትልቁ ተጽፎባታል። የአምራቹ ስም ግን ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ነው። የበዓሉ ዕለት ፈረሶቹ ከሩቅ ሲጋልቡ ዙሙን እስከ መጨረሻው ሳበና አነሣ። ማታ ፎቶ ቤት ወስዶ ቢያሳትመው ፈረሱና ሰውየው የማይለዩበት፣ የተበጠበጠ ሽሮ የመሰለ ነገር ወጣ። ቀብድ የሰጡት ፈረሰኞች ገንዘባቸውን አስመለሱ። ብድሩ ግን ዛሬም አልተመለሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙም ሁለት ዓይነት ነው። ኦፕቲካል የሚባለው ሌንሱ ራሱ ወጣ ገባ እያለ ሩቁን የሚያቀርብበት ነው። ዲጂታል የሚባለው ግን ካነሣው ፎቶ መካከሉን ቆርጦ ከማስፋት በቀር የሚጨምረው የለም፤ ጋቢ ጫፍና ጫፉን ይዘው ቢወጥሩት ይሳሳል እንጂ አይጨምርም። የሜጋፒክሰሉም ቁጥር ከዚህ አይሻልም። አንዳንዱ ርካሽ ካሜራ በትክክል የሚያየው 8 ወይም 13 ሚሊዮን ነጥብ ሆኖ ሳለ የቀረውን በግምት ሞልቶ 48 ነኝ ይላል። ለመሆኑ 48ቱ ምን ሊያደርግልን ነው? ፎቶ ቤት ለአልበም የሚያትመው 10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት ጥርት ብሎ ለመውጣት ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ ነጥብ ይበቃዋል። አንድ ሙሉ ኤ4 ወረቀት እንኳ 9 ሚሊዮን አይደርስም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣት ደብሊው 800 የምትባለው የኪስ ካሜራ 20.1 ሜጋፒክሰልና 5 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም ነው ያላት። ከዚያኛዋ ጎን ብትቀመጥ ቁጥር አንባቢው ገዢ ወደ 48ቱና ወደ 16ቱ ይሄዳል። ለሩቅ ፈረስ የምትሻለው ግን ባለ 5ቷ ነች።

ሁለተኛው የዳንግላ መምህር ነው። የወንድሙን ሰርግ ከዋዜማው ጀምሮ ሲያነሣ ዋለ። ካሜራዋ ደህና ነች፤ ጉዱ ያለው ከሷ ጋር በተሸጠለት ሚሞሪ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ 64 ጊጋ ይላል። ማግስቱን ኮምፒዩተር ላይ ሲከፍተው ሙሽራው ከቤት ሲወጣ አለ፣ መኪናው ሲያጌጥ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ያለው ግን አንዱም አይከፈትም። የውስጡ መጠን ከተጻፈበት በጣም ያነሰ የሐሰት ካርድ ኖሯል። እንዲህ ያለው ካርድ «64 ነኝ» ብሎ ካሜራዋን ይዋሻል፤ ቦታው ሲያልቅ ዝም ብሎ የተቀበለ ይመስላል እንጂ አያስቀምጥም። «እናታችን ስትመርቃቸው አንሥቼ ነበር» አለኝ መምህሩ። ሰርግ አይደገም፣ ምርቃትም አይደገም።

ሦስተኛው እኔው ነኝ። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ያገለገለች ካሜራ ላከልኝ። ለሁለት ዓመት አገለገለችኝ፤ ከዚያ ባትሪዋ ሞተ። ዳንግላ ጠየቅሁ፣ እንጅባራ ጠየቅሁ፣ ባሕር ዳር ወረድኩ፤ የሚመስል እንጂ የሚገጥም አላገኘሁም። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቅርጽ ያለው ባትሪ ነው የሚሠራው። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ2018 የኪስ ካሜራ መሥራት አቆመ፤ ኦሊምፐስም በ2021 መጀመሪያ የካሜራ ሥራውን ለሌላ ኩባንያ አስተላለፈ። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አኃዝ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ገበያ የቀረበው ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ2023 ግን 8 ሚሊዮን አልሞላም፤ ከዚያም ውስጥ የኪስ ካሜራ 2 ሚሊዮን አይደርስም። ስለዚህ ዛሬ እጃችን የሚገባው አብዛኛው ካሜራ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሲታመም የሚያስታምመው የለም።

በሌላ ወገን ደግሞ የተሳካላቸው አሉ። እንጅባራ ትንሽ ፎቶ ቤት ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ያገለገለች ካሜራ ሲገዙ ያደረጉትን ቢሰሙ ይገርማል። ሻጩን «ወንድምዓለም፣ ካላስሞከርከኝ አልገዛህም፤ በሬም እንዲህ ነው የሚገዛው» አሉት። ከዚያ ካሜራዋን ደጅ አውጥተው ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ በዙም አነሡ። ተመልሰው ከሱቁ ጨለማ ጥግ ያለፍላሽ አነሡ። ፍላሹን ደግሞ ለብቻው ሞከሩ፤ የነዚህ ካሜራዎች ፍላሽ ከ3 ሜትር ገደማ በላይ እንደማይሠራ ያውቃሉና ከሱ ብዙ አልጠበቁም። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንተው ሻጋታ እንዳለው አዩ። ክረምቱ እንደኛ ረጅምና ጭጋጋም በሆነበት አገር ይህ የሚናቅ አይደለም። ካርዱን በቪዲዮ እስኪሞላ ቀድተው መጨረሻውን ከፍተው ተመለከቱ። ያቺ ካሜራ የምትሠራው በየሱቁ በሚሸጠው ትንሹ የባትሪ ድንጋይ ነው። ርካሹ ድንጋይ ጥቂት ፎቶ አንሥቶ እንደሚሞት ስለሚያውቁ ቻርጅ የሚደረገውን አራት ገዙ። ዛሬም በሷ ነው የሚያድሩት።

የሻጮቹንም ወገን ሳልሰማ አልመጣሁም። አንዱ ባለሱቅ «ጋሼ፣ ካርቶኑን ከከፈትኩት በኋላ ባይገዛኝስ? የሚቀጥለው ሰው ያገለገለ ነው ብሎ ዋጋ ይሰብርብኛል። እኔም ከአዲስ አበባ ያልተከፈተ ነው ያመጣሁት» አለኝ። ልጁ ውሸት አልተናገረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ የነጋዴውም ኪስ ተራቁቷል። በዚያ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአሜሪካና የአውሮፓ ወጣቶች ወደ አሮጌዋ የኪስ ካሜራ በመመለሳቸው ያገለገለችውም ተወዳለች።

ይሁን እንጂ የነጋዴው ችግር የገዢው ኪሳራ መሆን የለበትም። ባለሱቁ ከአስመጪ ያልተከፈተ ገዝቶ ከተጎዳ፣ ተቆጥቶ አስመጪውን መጠየቅ ያለበት እሱ ነው እንጂ ጉዳቱን ለፈረሰኛ ፎቶ አንሺው ማውረስ አይገባውም። ዘዴውም ከባድ አይደለም። ከየዓይነቱ አንዷ ለመሞከሪያ ትከፈት፤ ገዢው በሷ ይሞክር፣ አዲሲቷን ሲወስድ ደግሞ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተከፍታ በፊቱ ፎቶ ታንሣ። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት የማይታገሥ ሻጭ ዕቃውን ራሱ አያምነውም ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን ገዢውን ባዶ እጁን አልተወውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ግን ያለ ደረሰኝ ምን ይዞ ይጠይቃል? ወጣቱም መምህሩም ደረሰኝ አልያዙም። «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ሲባሉ ያለደረሰኝ ወሰዱ። ያቺ ያተረፏት ገንዘብ በኋላ ስንት እንዳስከፈለቻቸው እነሱው ይንገሩ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይግዙ፤ ፎቶውን ይግዙ። ከካሜራዋ በፊት ባትሪዋ በከተማው መኖሩን ይጠይቁ። ሰርግ ወይም በዓል ሳይደርስ ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው ይፈትኑ። ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከሱቁ አይውጡ፤ 15ቱን ቀን ደግሞ ካሜራዋን ቁም ሣጥን ውስጥ አያኑሯት፣ በየቀኑ ያንሡባት። ስልክዎ የሚያነሣው ከሷ የማይተናነስ ከሆነም ገንዘብዎን በኪስዎ ይያዙ፤ ይህን ለማለት የሚደፍር ባለሱቅ ካገኙ ደንበኛው ይሁኑ።

የእንጅባራው ወጣት ለሚመጣው ጥር 23 ሌላ ካሜራ ሊገዛ እየቆጠበ ነው። በቀደም ሳገኘው «አሁንስ እንዴት ልትገዛ ነው?» አልኩት። ሳቀና «ጥርሷን ገልጬ አይቼ» አለኝ።