ሞንታርቦው ሥር የሚውለው ሠራተኛ ጆሮ



መርካቶ፣ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ስትሄዱ ልብስና ጫማ ቤት በር ላይ ሞንታርቦ ቆሞ "ቅናሽ! ቅናሽ!" እያለ ሰፈሩን ሲያናውጥ ሰምታችኋል። እኛ ገዢዎች ፊታችንን አጨፍግገን እናልፋለን፤ ቢበዛ 2 ደቂቃ ነው የሚረብሸን። በሩ ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠራው ልጅ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እዚያው ነው።

ስለ ድምፅ ብክለት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጎረቤት እንቅልፍ ነው። በሀገራችን ለንግድ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያም ቀን 65፣ ማታ 55 ዲሲቤል ነው። እሱ ጥሩ ነው። የእኔ አቋም ግን ይሄ ነው፦ ሱቅ በር ላይ ያለ ሞንታርቦ የሰፈር ረብሻ ብቻ ሳይሆን የሥራ ላይ ጤና ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚጎዳውም ሠራተኛው ነው።

እንዴት ነው የሚጎዳው?

በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ጥቃቅን ሴሎች አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ቢሆኑ ነው። ስንወለድ ይዘናቸው የመጣነው ናቸው፤ አንዴ ከሞቱ እንደ ቆዳ ሴል አይተኩም። የሚመልሳቸው መድኃኒትም ሆነ ቀዶ ጥገና ዛሬ የለም። የመስሚያ መሣሪያ ያግዛል እንጂ የድሮውን ጆሮ አይመልስም።

ጉዳቱን የሚወስነው የድምፁ ከፍታ ብቻ አይደለም፣ የቆይታው ርዝመትም ጭምር ነው። በሥራ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ምክር እንዲህ ይላል፦

- 85 ዲሲቤል፦ በቀን እስከ 8 ሰዓት
- 88 ዲሲቤል፦ እስከ 4 ሰዓት
- 91 ዲሲቤል፦ እስከ 2 ሰዓት
- 100 ዲሲቤል፦ እስከ 15 ደቂቃ

ልብ በሉ፣ ድምፁ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ የሚችለው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። መለኪያ ከሌላችሁ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመግባባት ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ 85 አካባቢ ደርሳችኋል ወይም አልፋችኋል ማለት ነው።

ችግሩ የሞንታርቦ ብቻ አይደለም። ለደንበኛ በግራይንደር ብረት የሚቆርጥ የብረታ ብረት ሱቅ ሠራተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አጠገብ የሚውል ካሸር፣ ወፍጮ ያለው እህል ቤት የሚሠራ ሁሉ እዚሁ ውስጥ ነው።

ለምን ቶሎ አይታወቅም?

ስለማያም ነው። መጀመሪያ ማታ ቤት ሲገባ ጆሮው "ጭው" ይላል፤ ጠዋት ሲነሳ ይሻለዋል። "ለመድኩት" ይላል። ነገሩ ግን መልመድ አይደለም፣ ጆሮ እየደከመ ነው። ከወራትና ከዓመታት በኋላ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ እንደ "ስ"፣ "ፍ"፣ "ሽ"፣ "ት" ያሉት። ሰውየው "እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም" ማለት ይጀምራል። ደንበኛ "ሰባት" ሲል "ሰባ" ይሰማል። ደንበኛው "ይንቀኛል" ይላል፣ ባለሱቁም "ልቡ ሥራው ላይ አይደለም" ብሎ ይቆጣዋል። ጆሮውን በሥራው ላይ አጥቶ፣ በዚያው ምክንያት እንጀራውን ሊያጣ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ብዙዎች ወደ ሐኪም ሲመጡም "ኩክ ነው፣ ጠርጉልኝ" ብለው ነው። አንዳንዴ እውነትም ኩክ ይሆናል። ድምፅ የጎዳው ጆሮ ግን ከላይ ሲታይ ንጹህና ጤነኛ ስለሚመስል የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል።

"ታዲያ ገበያው እንዴት ይመጣል?"

ባለሱቆች ይህን እንደምትሉ አውቃለሁ። ጎረቤት ሲያስጮህ ዝም ማለት ይከብዳል። ግን አሥሩም ሱቅ በአንዴ ሲጮህ ገዢው የማንንም ቅናሽ አይሰማም፤ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ያላችሁ ነጋዴዎች ተስማምታችሁ ብትቀንሱ ማንም አይከስርም። ደግሞም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤና መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ ይደነግጋል። ጆሮም ጤና ነው።

ባለሱቆች ምን ታድርጉ?

1. ድምፁን ቀንሱ። 3 ዲሲቤል እንኳ ለሠራተኛው ጆሮ እጥፍ ሰዓት ይገዛል።
2. ሞንታርቦውን ከሠራተኛው አርቁ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል።
3. በር ላይ የሚቆመውን ሰው በየተራ አቀያይሩ፤ በመሃል ጸጥ ያለ ቦታ ይረፍ።
4. ለግራይንደርና ለወፍጮ ሠራተኛ የጆሮ መከላከያ ግዙ።

ሠራተኞችስ?

1. ጥጥ መወተፍ በቂ አይደለም። ለድምፅ መከላከያ የተሠራውን የስፖንጅ መሰኪያ ተጠቀሙ።
2. ቀኑን ሙሉ የደከመን ጆሮ ማታ በኢርፎን አትጨምሩበት።
3. ጆሯችሁ ሁልጊዜ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም ሰው "ቴሌቪዥኑን ቀንሰው" ማለት ካበዛ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ተመርመሩ።
4. አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ነገ ዛሬ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል።

ለእኛ ለገዢዎችም የቤት ሥራ አለን። ነገ ሱቅ ስትገቡ "እባክህ ቀንሰው፣ ለአንተም ጆሮ ነው" በሉት። ሠራተኛው ለአሠሪው ለመናገር ሊፈራ ይችላል፤ ደንበኛ ሲናገር ግን ባለሱቁ ይሰማል።

ሱቅ ለሚሠራ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ሼር አድርጉላቸው። ጤና ሁኑልኝ!