ተማሪው ተፈተነ፤ ትምህርት ቤቱንስ ማን ይፈትነዋል?

ርዕሰ አንቀጽ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም። በዚያ በመጀመሪያው ፈተና ያለፉት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 ከመቶ ያህል፥ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ «ተማሪው ሰንፏል» የሚለው ፍርድ በየስፍራው ተሰማ። ስንፍና የለም አንልም፤ አለ። ነገር ግን በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ተቀምጠው ከተማሩት የሚበዙት ቢወድቁ፥ የወደቀው ተማሪው ብቻ ነውን? ይህን ጥያቄ ዛሬ ለመምህሮቻችንም ለጓደኞቻችንም እናቀርባለን።

የላስታ ገበሬ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲልክ ለስንቅና ለመንገድ ያለውን አሟጦ ነው፤ በግ ይሸጣል፥ አንዳንዱም በሬውን ያወጣል። ልጁም ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ይህም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ዕዳ የገባ ሰው የተሰጠውን መዝኖ የመቀበል መብት አለው።

የሚመዘነውስ ምንድር ነው? ትምህርቱ መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? የቤተ ሙከራው መሣሪያ ይሠራልን ወይስ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል? መምህሩ በክፍለ ጊዜው ይገኛልን? ይህ የትምህርት ክፍሎቹ ነው። የአስተዳደሩም ክፍሎች ከሚዛኑ ሊያመልጡ አይገባም። ሬጅስትራሩ የውጤት ማስረጃ ለመስጠት ስንት ቀን ይወስዳል? ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ግዥ ክፍሉ የተጠየቀውን መጽሐፍ በስንት ወር ያመጣል? መምህሩ የቱንም ያህል ቢተጋ፥ መጽሐፉ ሳይገዛ ወሰነ ትምህርቱ ቢያልቅ ድካሙ ከንቱ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 351 የከፍተኛ ትምህርትን ጥራት የሚመረምር ኤጀንሲ አቋቁሞ ነበር፤ ሥራው ዛሬ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተላልፏል። ለብዙ ዘመን ግን የዕውቅና ፈቃድ ይጠየቁ የነበሩት የግል ኮሌጆች ናቸው፤ የመንግሥቶቹ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድመው ስለ ራሳቸው ጽፈው፥ ከዚያ በውጭ መርማሪ ይታዩ ነበር። ራስን መመርመር መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው ጉድለቱን እንዲጽፍ የሚያስገድደው ከሌለ፥ ጽሑፉ የምስጋና ደብዳቤ ይሆናል።

የውጭ መርማሪ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሥርዓት የሚመስለው ቢኖር፥ ጎረቤታችንን ዋድላን ይመልከት። ዋድላ በቅኔው፥ ሰለልኩላ በቅዳሴው የታወቁ ናቸው። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር በየትም ደብር ቢማር ጋይንት ወርዶ በቤተልሔም ያስመሰክራል። ያን ጊዜ የሚፈተነው ደቀ መዝሙሩ ብቻ አይደለም፤ ያስተማሩት የኔታም ስም አብሮ ይመዘናል። እኛ ከዚህ የወረስነው ግማሹን ነው፤ ደቀ መዝሙሩን እንፈትናለን፥ ያስተማረውን ቤት እንተዋለን።

በሚዛኑ ላይ ግን ፍርድ አይጓደል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፥ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በወልድያና በላሊበላ ላይ በወረደው ጦርነት ንብረቱ ተዘርፏል፥ ወድሟል። ይህን በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረው ከአዲስ አበባው ጋር በአንድ ቁና መስፈር ትክክል አይሆንም። አምና የት ነበረ? ዘንድሮስ የት ደረሰ? ተብሎ ይጠየቅ። ነገር ግን ጦርነቱ የፈረሰ ቤተ ሙከራን ምክንያት ያስረዳል እንጂ፥ የዘገየ ማስረጃን ወይም የተዘለለ ክፍለ ጊዜን ለዘለዓለም አይሸፍንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ እያንዳንዱ የትምህርትና የአስተዳደር ክፍል በየዓመቱ ራሱን መርምሮ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍ። ሁለተኛ፥ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን የፈተና ጥያቄዎችንና የታረሙ ወረቀቶችን ይዩ። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ለየአገልግሎቱ የቀን ልክ ቆርጦ በበሩ ላይ ይጻፍ። አራተኛ፥ ምርመራው ተማሪው ገና ሳይመረቅ፥ በየዓመቱ መጨረሻ ይሁን። የላሊበላን አለት የፈለፈሉ ሰዎች ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ እየለኩ ወረዱ እንጂ፥ ከጨረሱ በኋላ አልለኩም፤ ተፈልፍሎ የወደቀ ድንጋይ ተመልሶ አይገጥምምና።

ለእኛም ለተማሪዎች አንድ ቃል አለን። የመምህራን መመዘኛ ቅጽ ሲሰጠን፥ ነጥብ የነፈገንን ለመበቀል ወይም ማርክ የሚበትነውን ለማሞገስ የምንሞላው ከሆነ፥ መምህራን ቃላችንን ቢንቁት በማን ይፈረዳል? የምናውቀውን፥ ያየነውን ብቻ እንጻፍ። መምህራንም በበኩላቸው የቅጹ ውጤት ምን እንደሆነና ምን እንደተሻሻለ ይንገሩን፤ መልስ የማያገኝ ምስክርነት ውሎ አድሮ ይሰለቻልና።

ተማሪው ሲወድቅ ስሙና ቁጥሩ ተለይቶ ይታወቃል። ክፍሉም ሲወድቅ እንዲሁ ይታወቅ። ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም፤ ከዚህ ባነሰም አንረካም።