ርክክቡ ላይ የፈረመው ማነው?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገሬ ሰው። ሰሞኑን የከተማችን ማዘጋጃ ቤት እንዲሁ እየጮኸ ነው። ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት አሠርቶ፣ ጥብጣብ ቆርጦ፣ ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተተረተረ፤ ወለሉም እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ። ማዘጋጃ ቤቱ «ተቋራጩ አታለለኝ» ይላል። ተቋራጩ «መሬቱ ዋልካ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል።

እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። ከተቋራጩ ልጀምር። ዋልካ ትናንት የተፈጠረ አፈር አይደለም። ክረምት ውኃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፣ በጋ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ የበቾ ገበሬ ዲግሪ ሳይጭን ያውቀዋል። መላውም የታወቀ ነው፤ ዋልካውን ቆፍሮ ማውጣት፣ በምትኩ ገረጋንቲ እየሞሉ ውኃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ የዝናቡን ውኃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ ማውጣት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይበላል፤ ከተቀበረ በኋላም አይታይም። የማይታይ ሥራ ደግሞ ለመዝለል ይመቻል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዛል። የሚጠየቀው በአሠራር ጉድለት ለሚደርሰው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰውም ጭምር ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም። በዚህ ሕግ ፊት ቆሞ «መሬቱ ዋልካ ነው» ማለት ራስን መክሰስ ነው።

አንድ ጠበቃ ወዳጄ «እሱ ለግለሰቦች ውል ነው፤ የመንግሥት ሥራ በዚያው ሕግ የራሱ ምዕራፍ አለው» እያለ ይከራከረኛል። ይሁንለት። አንድ ነጋዴ ለጓሮ ቤቱ የሚያገኘውን ዋስትና፣ መሐንዲስም ነገረ ፈጅም ቀጥሮ የሚያኖር ማዘጋጃ ቤት ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ቁልጭ አድርጎ በውሉ እንዳያሰፍር ማን እጁን ያዘው?

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መጣሁ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸኛው ነው። የመንግሥት ሥራ ርክክብ ሁለት ጊዜ ነው፤ ጊዜያዊና የመጨረሻ። በመሀሉ ያለው ጊዜ ጉድለት እንዲታይበት፣ ከክፍያው ላይ ተቀንሶ የሚያዘውም ገንዘብ ተቋራጩ ጉድለቱን ሳያርም እንዳይሄድ የታሰበ ነው። መሠረቱ ሲቆፈርም ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሳያይና ሳይፈርም ኮንክሪት መሞላት የለበትም። ፊርማ በፊርማ ላይ ነው!

ታዲያ የእኛ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ክረምት ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አሳይቶ ነበር። ተቋራጩ ሁለት ቀለም ቀቢ ልኮ በኖራ አስለቀለቀው። (ቀለም ቀቢዎቹ ሻይ የጠጡት እዚያው ግድግዳው ሥር ነው፤ ሠፈርተኛው ሁሉ አይቷቸዋል።) በወሩ የመጨረሻው ርክክብ ተፈረመ፤ የተያዘውም ገንዘብ ተለቀቀ። ገንዘቡ በእጅ ሳለ ዝም ያለ መሥሪያ ቤት ዛሬ ክስ ቢመሠርት፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

በስብሰባ ላይ «የፈረመው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ስለሆነ ስም መጥራት አይገባም» ተባልኩ። የተቋራጩ ስም ግን በዚያው ስብሰባ ስንት ጊዜ ተጠራ! መሐንዲሱም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል አሉ፤ በዕድገት።

ተቋራጩ ይከሰስ፤ አልቃወምም። ነገር ግን የርክክቡ ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው ተባዝቶ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ገንዘቡ የእኛ ነው፤ ልጆቹም የእኛ ናቸው። ዛሬም በአሮጌዎቹ ክፍሎች አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው ይማራሉ።