መቶ ሃምሳ ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ፦ አጃይልን በሲሙሌሽን ስለ ማስተማር

የሀገራችን መሥሪያ ቤቶች ቢፒአርን፣ ቢኤስሲንና ካይዘንን በየተራ ተቀብለዋል። አሁን ደግሞ በተለይ ሶፍትዌር በሚያለሙ ተቋማት ዘንድ የአጃይል ተራ የደረሰ ይመስላል። የሥልቶቹ ስም ቢለያይም የሚተላለፉበት መንገድ እምብዛም አልተለወጠም፤ ሠራተኛው በአዳራሽ ይሰበሰባል፣ አሠልጣኙ ስላይድ ያሳያል፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይታደላል። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ መነሻ የሆነኝ በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የተካፈልሁበት እንዲህ ያለ ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ፈጣን ግብረ መልስ አስረዳን፤ እኛ ጥያቄ እንድናቀርብ የተፈቀደልን ግን በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል መግለጫ አራት እሴቶች አሉት፤ 12 መርሖዎችም ተከትለውታል። እነዚህን በቃል ማጥናት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ማመን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዘመኑን ሁሉ ሥራን በጅምላ አጠናቅቆ ሲያስረክብ የኖረ ሰው፣ በትንሽ በትንሹ ማስረከብ ያፈጥናል ቢሉት በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይቀበልም።

እዚህ ላይ የታወቀው የሳንቲም ጨዋታ ከማንኛውም ስላይድ ይበልጣል። አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተደርድረው 20 የአንድ ብር ሳንቲሞችን እየገለበጡ ይቀባበላሉ። አንዱን መገልበጥ አንድ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። እያንዳንዱ ሰው ሃያውንም ጨርሶ ካስተላለፈ ሥራው በ80 ሰከንድ ያልቃል፤ ደንበኛው ከዚያ በፊት አንዲት ሳንቲም አያይም። አምስት አምስት እያደረጉ ቢያስተላልፉ 35 ሰከንድ፣ አንድ በአንድ ቢቀባበሉ ደግሞ 23 ሰከንድ ብቻ ይበቃል፤ የመጀመሪያዋ ሳንቲምም በአራተኛው ሰከንድ ደንበኛው እጅ ትገባለች። ማንም እጁን አላፈጠነም፤ የተለወጠው የቅብብሎሹ መጠን ብቻ ነው።

ሲሙሌሽን ለ15 ሰው እንጂ ለ150 አይሆንም የሚል ተቃውሞ በተደጋጋሚ ይነሣል። በእኔ አስተያየት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ትንሽ ቡድን ብቻውን ሲጫወት የራሱን ሥራ ማደራጀት ይማራል፤ በቡድኖች መካከል ያለውን ጥገኝነት ግን ሊያይ አይችልም። ሃያ ቡድኖች አንዲት ከተማ በጋራ እንዲገነቡ ሲታዘዙ የአንዱ መንገድ ከሌላው ድልድይ ጋር ሳይገጥም ይቀራል። (አስፋልት ከተነጠፈ በኋላ ለውኃ ቧንቧ ሲቆፈር ያየ የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚህ አይደነቅም።) በሌሎች ሀገሮች ይህ ጨዋታ በሌጎ ይካሄዳል፤ ለእኛ ካርቶን፣ መቀስና ማጣበቂያ ይበቃናል።

በቁጥሩ ብዛት በእርግጥ የሚጎዳው ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። አንድ አሠልጣኝ ሃያ ጠረጴዛ ሊያወያይ ስለማይችል፣ ከሠራተኞቹ መካከል አስቀድመው የሠለጠኑ አወያዮች በየጠረጴዛው ሊቀመጡ ይገባል፤ ለውይይቱም ቢያንስ ጨዋታው የወሰደውን ያህል ጊዜ ይሰጠው። ስሙም ይታሰብበት። ብዙ አሠልጣኞች «ግምገማ» ይሉታል። ይህ ቃል በመሥሪያ ቤቶቻችን ጥፋተኛ የሚፈለግበትንና ግለ ሂስ የሚወጣበትን ስብሰባ ስለሚያስታውስ፣ ቃሉ እንደ ተነገረ ጠረጴዛው ዝም ይላል። «ምን እንለውጥ?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የኃላፊዎቹ ጉዳይ ነው። ኃላፊው ጨዋታውን ከፍቶ ከሄደ ሠራተኛው መልእክቱን ወዲያው ይረዳል። ዳር ተቀምጦ ከታዘበ ደግሞ ማንም ደፍሮ አይሳሳትም። ስለዚህ የበታቾቹ በሚመሩት ቡድን ውስጥ ገብቶ ካርቶን ይቁረጥ። እኔ በተካፈልሁበት ሥልጠና ማግስት የቡድናችን ሥራ እንደ ወትሮው የአምስት ሰው ፊርማ ለማግኘት ወረፋ ያዘ፤ ፈራሚዎቹ አንዳቸውም በአዳራሹ አልነበሩም። ሥልጠናውን የሚያዝዝ ተቋም ከአዳራሹ ቀን በፊት ለአንድ የሥራ ክፍል፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ ፊርማዎቹን ወደ አንድ ዝቅ ለማድረግ በጽሑፍ ይስማማ፤ ካልተስማማ የአዳራሹን ኪራይ ቢያተርፍ ይሻለዋል።