የአባይ በረሃ አቀበት ለአንድ ጠዋት ለብስክሌት ይለቀቅ!

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በመኪና የተጓዘ ሁሉ አባይ በረሃን አይረሳውም። ጎሃ ጽዮን ላይ የደጋው ብርድ ያበቃና መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩ ጋ ሲደረስ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል። ከዚያ ደግሞ ወደ ደጀን ሽቅብ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት ሲሆን ከድልድዩ እስከ ደጀን አፋፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ሹፌር ፍሬኑን ደጋግሞ የሚፈትሽበት፣ ተሳፋሪ በልቡ ጸሎት የሚደግምበት መንገድ ነው። ለብስክሌተኛ ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆኑ ውድድሮች እየፈለጉ የሚሄዱበት አይነት አቀበት ማለት ይሄ ነው!

ጣሊያኖች ስቴልቪዮ የሚባል የተራራ መንገድ አላቸው። በአንዱ በኩል 24 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ 48 ኩርባዎች አሉት፣ 1 ሺህ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። ይህ መንገድ በዓመት አንድ ቀን ለመኪና ዝግ ይሆንና በሺዎች የሚቆጠሩ ብስክሌተኞች ይወጡታል። ውድድር አይደለም፤ ሰዓት አይያዝም፣ ሽልማትም የለም። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ይወጣል፣ የደከመው ወርዶ ይገፋል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ቡናውንና ምግቡን ይሸጣል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው አዲስ አስፋልት አልነበረም፤ ውሳኔ ብቻ ነበር።

ታዲያ አባይ በረሃ ምን ያንሰዋል? በእይታ ከሆነ አያንስም። ታችኛው ድልድይ ላይ ቆሞ ሽቅብ ለተመለከተ ገደሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ ይታያል። በጃፓን መንግስት እርዳታ ተሰርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ አሮጌው ድልድይም ከጎኑ ቆሟል። የጎደለው ነገር ብስክሌተኛ በሰላም የሚወጣበት ሰዓት ነው። ይህ መንገድ አዲስ አበባን ከደብረ ማርቆስና ከባህር ዳር የሚያገናኝ ዋና መስመር ነው። ባለ ተሳቢው፣ ኢሱዙው፣ አውቶቡሱ ሁሉም እዚያው ነው። በዚያ ላይ የገደሉ አፈር ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። መኪና ጉድጓዱን ለመሸሽ ወደ ዳር ሲወጣ ዳሩን ይዞ የሚያቃስተው ብስክሌተኛ የት ይግባ?

አንድ ነገር ግን ሳይሸሸግ መነገር አለበት። ጎጃም ውስጥ «መኪና የሌለበት መንገድ» ሲባል ዛሬ የሰው ልብ የሚሄደው ወደ ስፖርት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ የጎጃም መንገዶች በተደጋጋሚ ከተሽከርካሪ ባዶ ሆነዋል። ተማሪ ከትምህርቱ፣ በሽተኛ ከሃኪሙ፣ ገበሬ ከገበያው ተቆራርጧል። እንዲህ ያለው ባዶ መንገድ የፍርሃት መንገድ ነው፤ ልጅ ብስክሌት ይዞ አይወጣበትም። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ባዶ መንገድ አይደለም። መኪናው በስምምነትና በፕሮግራም ለጥቂት ሰዓት ገለል ብሎ ሰው የሚሞላበት መንገድ ነው። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የአባይ በረሃ ጠዋትም ሰላም ሲወርድ የሚደረግ እንጂ ዛሬ ተነስቶ የሚታወጅ አይደለም።

እስከዚያ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አያስፈልግም። ማቀድና ማጥናት ይቻላል፣ የከተማ ውስጡን መጀመርም ይቻላል። ከከተማ ለመጀመር ደብረ ማርቆስ ትመቻለች። ሰፊ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጎኗ ጨሞጋ ወንዝ ከጮቄ ተራራ ተነስቶ ወደ አባይ ይወርዳል። ጮቄ ራሱ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የብዙ የአባይ ገባሮች መፍለቂያ ነው። በዙሪያው ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር ቀበሌዎችን ከዋናው መንገድ ለማገናኘት በተጀመረው ፕሮግራም የተጠረጉ የጠጠር መንገዶች አሉ። በነዚህ መንገዶች ላይ ከገበያ ቀን በስተቀር በብዛት የሚታየው እግረኛ፣ አህያና በቅሎ ነው። ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ምን ይምጣ? ወንዝ ለወንዝ የሚሄዱትን መርጦ ምልክት መትከል፣ በጎርፍ የተበሉትን መጠገን፣ ርቀታቸውን ጽፎ ማሳወቅ ብቻ ነው የቀረው። በአውሮፓ በዳንዩብ ወንዝ ዳር የሚሄደው ዝነኛ የብስክሌት መንገድም ቢሆን በብዙ ቦታ ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የወንዝ ዳር መንገድ ነው። አሮጌውን መንገድ ነው አዲስ ያደረጉት።

ጎጃምም አሮጌ መንገድ ሞልቷል። ከሞጣ ወዲያ ያለው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአባይ ላይ የተሰራና በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሰበረ ነው። ሰዉ ለዓመታት በገመድ ሲሻገር ኖሮ ኋላ በውጭ በጎ አድራጊዎች እርዳታ የእግረኛ ድልድይ ተሰርቶለታል። ጢስ አባይ አጠገብ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይም እግረኛና ከብት እንጂ መኪና የሚያልፍበት አይደለም። ጎጃምና ጎንደር ከመኪና በፊት የተገናኙት በነዚህ ነው። ብስክሌት ቢሄድባቸው ያምርባቸዋል።

ብስክሌት ለአካባቢው ባዕድ ነው የሚል ካለ ባህር ዳርን ይመልከት። እዚያ ተማሪውም ሰራተኛውም፣ ወንዱም ሴቱም ብስክሌት ላይ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይም ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ ስፍራ ይዟል። አባይ ከጣና ሲወጣ የተሰጠውን ክብር ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሲደርስ የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

«ዋና መንገድ ዘግቶ ስፖርት ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አንቡላንስ አለ፣ ጤፍ የጫነ መኪና አለ፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው አለ። ለዚህ ነው በዓመት አንድ እሁድ ጠዋት፣ ያውም ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው አቀበት ብቻ የሚጠየቀው። ከወር በፊት በሬዲዮና በየመናኸሪያው ይነገር፣ ለአንቡላንስ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ለሁሉም ይለቀቅ። የቀረው የዓመቱ እሁድ የከተማ ውስጥና የቀበሌ መንገድ ይሁን። ሀሳቡ ለአገሩ አዲስ አይደለም። ህዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር አዲስ አበባና የክልል ከተሞች መንገዳቸውን ለእግረኛ ዘግተው ነበር። በክልል ከተሞች ግን ቋሚ ልማድ ሆኖ አልዘለቀም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም አለ። ወረቀቱ አለ፣ ልምዱም ተሞክሯል፤ የሚያስቀጥል ነው የጠፋው። የኮሎምቢያ መዲና ቦጎታ እኮ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረችውን ዛሬም እሁድ እሁድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለብስክሌትና ለእግረኛ በመልቀቅ ቀጥላለች።

የስፖርት ቤተሰቡ ደግሞ የራሱ ቁጭት አለው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በሁለቱ መካከል ወደ 60 ዓመት ገደማ አለ! በዚህ መሃል የሺህ ኮረብቶች አገር የምትባለው ሩዋንዳ አቀበቷን ወደ ሀብት ለወጠች። ኪጋሊ በወር ሁለት እሁድ ዋና ዋና መንገዶቿን ለስፖርት ትለቃለች። ከመስከረም 11 እስከ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አስተናግዳለች። ሩዋንዳ ኮረብታ ካላት ጎጃም ገደል አለው። ልዩነቱ የመሬቱ አይደለም።

እንግዲህ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። የደብረ ማርቆስ ከተማ አስተዳደር ከዞኑ ስፖርት ጽህፈት ቤትና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተቀምጦ በወር አንድ እሁድ ጠዋት አንድ መንገድ ይምረጥ። የክልሉ የብስክሌት ስፖርት ኃላፊዎች የወንዝ ዳር የቀበሌ መንገዶችን አጥንተው ካርታ ያውጡ። ብስክሌት ውድ ስለሆነ ትምህርት ቤቶች ለጋራ መጠቀሚያ የሚሆኑ ጥቂት ብስክሌቶች ይኑሯቸው። የደጀን አቀበት ደግሞ ቀኑን ይጠብቅ።

ያ ቀን ሲመጣ የደጀን ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ከታች የሚመጣውን ያያል። የሚመጣው ጭስ የሚተፋ መኪና ሳይሆን ላቡን እየጠረገ የሚወጣ የሰው ልጅ ከሆነ፣ መንገዱ መከፈቱን ብቻ ሳይሆን አገሩ ሰላም መሆኑንም ያውቃል። ያንን ቀን ያቅርበው!